ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለልጆቻችን ምን እንምረጥላቸው?

(በነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ከቢቸናና ከሞጣ የተውጣጣን ወላጆችና መምህራን ነን። እንደ ሁላችሁም ልጅ እናሳድጋለን፤ ደብተርና ጫማ እንገዛለን፤ ማታ ማታ «ምን ተማርክ? ምን ተማርሽ?» ብለን እንጠይቃለን። የዛሬው ጉዳያችን ስለ ውኃ መውረጃ ቦይ ወይም ስለ ወርኃዊ መዋጮ አይደለም፤ እሱ በተራው ይደርሳል። ጉዳያችን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም በክረምቱ የዕረፍት ወራት ምን ቢሠሩ ለትምህርታቸው ይጠቅማል፣ በራሳቸውም እንዲተማመኑ ያደርጋል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ዛሬ ያነሣንበት ምክንያት አለን። እንደሚታወቀው በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆኑ። ይህ ወሬ በየቤቱ ሲሰማ ያልደነገጠ ወላጅ አልነበረም። በዚያም ላይ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘጉ፤ እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለዩ። ስለዚህ በየቤታችን ክፍሉን የዘለለ፣ ያነበበውን የረሳ፣ «አልችልም» ማለትን የለመደ ልጅ አለ። አለ ስንል ደግሞ የሌላውን ልጅ ብቻ ማለታችን አይደለም።

ታዲያ ወላጅ ሲደነግጥ ምን ያደርጋል? ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። «ማጠናከሪያ ይግባ፣ እንግሊዝኛም ይጨመርለት፣ ኮምፒዩተርም አይቅር፣ ኳሱንም ይጫወት፣ ቴኳንዶም ጥሩ ነው አሉ» ይላል። ልጁ በሳምንት አምስት ቦታ ይዞራል፤ የቤቱ ገንዘብ ያልቃል፤ በወሩ መጨረሻ ልጁ ከአንዱም ሳይሆን ይቀራል። አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

እኛ በበኩላችን የደረስንበት አሳብ አንድ ነው፤ አጭርም ነው። ለልጅ የሚበጀው ሥራ ልጁ ራሱ በእጁ ወይም በአንደበቱ የሚሠራው፣ ከቀላል ወደ ከባድ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ፣ የሠራውንም በሰው ፊት አቅርቦ ሳያፍር የሚታረምበት ሥራ ነው። እነዚህ ካሉበት ገበጣም ቢሆን ይጠቅማል፤ እነዚህ ከሌሉበት በውድ ዋጋ የተገዛ ትምህርትም ቢሆን ብዙም አይረባ።

ይህ ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። እዚሁ አጠገባችን ያለ ነው። ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንሄድም በመንገዳችን ላይ ደብረ ወርቅን እናገኛለን። በእነዚህ ደብሮች የቅኔ ተማሪው እንዴት እንደሚማር ብዙዎቻችሁ ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ። ተማሪው መጀመሪያ የሚሰጠው ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ናት። እሷን ሲችል ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። በየቀኑ ብቻውን ዘወር ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ተመልሶም ጓደኞቹ እየሰሙ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም የተጣመመውን ያቃናለታል። ከፍ ያለው ተማሪም ጀማሪውን ያስጠናዋል። ዛሬ የተሳሳተ ተማሪ ነገም ቆጥሮ ይመጣል እንጂ ተሳሳትህ ተብሎ ከጉባኤው አይባረርም።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የተጻፈው በዚያ ትምህርት ባደገ ሰው እጅ ነው። እንዲሁም በጎጃም ስማቸው የታወቀውን የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማንሣት ይገባል። ሴት ናቸው፤ ዓይነ ሥውርም ነበሩ፤ ሆኖም ከአባታቸው ቅኔ ተምረው እሳቸውም በተራቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ። «ሴት ልጅ ምን ታደርገዋለች? አካለ ጎደሎ ምን ይሠራል?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ያለን አይመስለንም።

በቁርኣን ቤትም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ልጁ በሉሑ ላይ የተጻፈለትን ያጠናል፤ ለአስተማሪው ያሰማል፤ ያን ካረጋገጠ በኋላ ሉሑ ታጥቦ የሚቀጥለው ይጻፍለታል። ያልቻለውን ዘሎ አይሄድም።

ይህን ስንል ሁሉም ልጅ ቅኔ ቤት ይግባ ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። አያቶቻችን ያወቁትን የአሠራር ብልሃት ወስደን ለኳሱም፣ ለንባቡም፣ ለጓሮ አትክልቱም እናውለው ነው የምንለው። የዛሬዎቹ ሊቃውንትም ከዚህ የራቀ ነገር አይናገሩም። አልበርት ባንዱራ የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰው «እችላለሁ» የሚል እምነት የሚያድርበት ከሁሉ ይበልጥ ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት እንደሆነ ገልጸዋል። የሌላ ሰው ምክርና ማበረታቻ ይረዳል፤ ነገር ግን ራሱ ሠርቶ ያየውን ያህል አይሆንም። ስለዚህ «አይዞህ፣ ጎበዝ ነህ» ብቻውን አይበቃም፤ ጎበዝ የሚሆንበት ሥራ ልንሰጠው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ልጅን ለአንድ ነገር ከማስመዝገባችን በፊት፣ ገንዘብም ከመክፈላችን በፊት፣ አራት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ልጁ ራሱ የሚሠራው ምንድን ነው? አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ልጁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲገለብጥ የሚውል ከሆነ፣ ጧት በክፍል ያደረገውን ከሰዓት በኋላ ደገመው እንጂ ሌላ ምን አገኘ? ጥሩ ማጠናከሪያ ልጁ ያልገባውን ለይቶ እሱኑ የሚያሠራው ነው። ስለዚህ አስተማሪውን «ልጄ የቱ ጋ ነው የሚቸገረው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካላወቀ ልጁን ገና አላየውም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከወር በፊት ያልቻለውን ዛሬ መቻሉን ልጁ በምን ያውቃል? ደረጃ ያለው ሥራ ይህን ራሱ ይናገራል። ባለፈው ወር አንድ ገጽ ያነበበ ዛሬ ሦስት ገጽ ያነባል፤ ሜዳውን ሁለት ጊዜ የዞረ አራት ጊዜ ይዞራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለውን ልጁ በራሱ ላይ ሊያየው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሲሳሳት ምን ይደርስበታል? የሚሰደብ፣ የሚሣቅበት፣ በኩርኩም የሚመታ ከሆነ ከዚያ ቦታ ብታስወጡት ይሻላል። እንዲህ ያለው ልጅ የሚማረው ዝም ማለትን ነው። ዝም ያለ ልጅ ደግሞ ጨዋ ይመስላል፤ ያልገባውን ሳይጠይቅ ስምንተኛ ክፍል ይደርሳል።

አራተኛ፣ የቤታችን አቅም ይዘልቀዋል ወይ? ማንስ ይጠብቀዋል? ሦስት ወር ተከፍሎ የሚቋረጥ ነገር ልጁን «ጀምሬ አልጨረስኩም» የሚል ስሜት ውስጥ ይከተዋል። ርካሽ ሆኖ ዓመት የሚዘልቅ ይሻላል። እንዲሁም የሚያስተምረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ቦታው ለሰው ዓይን ግልጽ መሆኑን፣ ልጁ በምን መንገድ ሄዶ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ወላጅ ማወቅ አለበት። ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ የሚያስተምር ሰው የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን አንቀበለውም።

ከዚህ ቀጥሎ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ሊደረጉ የሚችሉትን እንዘርዝር።

ሀ. ንባብ። ከሁሉ የምናስቀድመው ይህን ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል የነበሩ ብዙ ልጆች በክፍላቸው ልክ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። ንባብ ያልያዘ ልጅ ሳይንሱም ታሪኩም አይገባውም፤ የሒሳቡንም ጥያቄ ማንበብ ያቅተዋል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። በአንድ ግቢ አምስት ስድስት ልጆች ተሰብስበው፣ ከፍ ያለው ልጅ ለታናናሾቹ በቀን ግማሽ ሰዓት ድምፁን አሰምቶ ያንብብላቸው፤ እነሱም በተራ ያንብቡ። ማንበብ የማይችል ወላጅም ቁጭ ብሎ ቢሰማና «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ ትልቅ እርዳታ ነው። መጽሐፍ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ በአዋሳ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሠረቱት ድርጅት አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ወደ ልጆች ሰፈር ይወስድ እንደነበር እናስታውሳችሁ። ጋሪ እኛም ጋ አለ። ከየቤቱ አንድ አንድ መጽሐፍ ቢዋጣ በአንድ ሣጥን የሚሞላ ይሆናል።

ለ. ተረትና እንቆቅልሽ። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» የሚል ልጅ እያሰበ ነው። ተረት ሰምቶ መልሶ የሚያወራ ልጅ ነገርን በቅደም ተከተል መናገር ይለምዳል፤ ይህ ደግሞ ድርሰት ለመጻፍ መሠረቱ ነው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ለልጆች ተረት ሲነግሩ ትውልድ ያሳደጉት በዚሁ ነው። በየቤታችን ያሉ አያቶች ከዚህ ያነሰ ሀብት የላቸውም። አያቲቱ ትንገር፤ ልጁም በማግስቱ ለጎረቤት ልጆች መልሶ ይንገር።

ሐ. ገበጣ። ጉድጓዶቹን መሬት ላይ መቆፈር፣ ጠጠር መልቀም፣ ሌላ ወጪ የለበትም። ልጁ ግን ይቆጥራል፣ ይደምራል፣ «ከዚህ ብነሣ የት እደርሳለሁ?» ብሎ አስቀድሞ ያስባል፤ ሲሸነፍም እንደገና ይጀምራል። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ገበጣዎች ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። በገንዘብ መጫወት ግን ከመጀመሪያውም መከልከል አለበት።

መ. ሩጫና ኳስ። በአርሲ በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከእኛ ከተሞች ብዙም አትለይም። እዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ የጀመረችው ከዚያ ሜዳ ነበር። የእኛም ልጅ ሁሉ ደራርቱ ይሆናል አንልም። ሆኖም በሰዓቱ መምጣትን፣ መድከምን ችሎ መጨረስን፣ ተሸንፎ የጓደኛን እጅ መጨበጥን ይማራል። እነዚህ ደግሞ ለፈተናም ይሆናሉ።

ሠ. ክርክርና ትርኢት። አባቶቻችን ዳኛ ፊት ቆመው «በልሃ ልበልሃ» ሲሉ ነገር አዋቂነትና ድፍረት በአንድነት ይታይ ነበር። ልጆችም «ከብት ማርባት ይሻላል ወይስ ንግድ?» በሚል ዓይነት ቀላል ጉዳይ ሁለት ወገን ሆነው ቢከራከሩ፣ በሳምንቱ ደግሞ ወገን ቢለዋወጡ፣ የሌላውን አሳብ መስማትም ይማራሉ። በክልላችን የደብረ ብርሃን ሰርከስ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ጭምር አቅፎ በመድረክ ላይ ማቆሙም ምሳሌ ሊሆነን ይገባል።

ረ. የጓሮ ሥራ። ጎመን፣ ድንች፣ ሁለት ዶሮ። ልጁ የዘራበትን ቀን ይጻፍ፤ በየሳምንቱ ቁመቱን ይለካ፤ የሸጠውንና ያወጣውን ያስላ። ሳይንስና ሒሳብ ከዚህ የተሻለ ደብተር አያገኙም። ሆኖም የቤት ሥራን ሁሉ በዚህ ስም ልጁ ላይ መጫን እንዳይሆን እንጠንቀቅ። መደቡ የልጁ ይሁን፤ ውሳኔውም የልጁ ይሁን።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ከባዱን ጉዳይ ማንሣት አለብን፤ እሱም የሴት ልጆቻችን ጉዳይ ነው። ወንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ ወደ ሜዳ ይሄዳል። እኅቱ ግን ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። ማታ በደከመ ዓይኗ ደብተር ስትከፍት «ሰነፍ ነች» እንላታለን። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ሰዓት ነው ያጣችው። ስለዚህ ከሳምንቱ ቢያንስ ሁለት ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ውኃውን ይቅዳ፤ እሷም ወደ ንባቡ ወይም ወደ ሜዳው ትሂድ። ይህን የማያደርግ ቤት ስንት ዓይነት ዝግጅት ብናዘጋጅ ሴት ልጁን አይጠቅማትም። «ሰው ምን ይለናል?» የሚል ካለም፣ ሰው ማለት እኛው ነን፤ ዛሬ እዚህ የተሰበሰብነው።

ስለ ምስጋናም ጥቂት እንበል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆችን በሁለት ዓይነት አመሰገኑ። አንዳንዶቹን «ብልህ ናችሁ» አሏቸው፤ ሌሎቹን «በርትታችሁ ሠርታችኋል» አሏቸው። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ተሰጣቸው፤ አቃታቸውም። ከዚያ በኋላ «ብልህ» የተባሉት ተስፋ ቆረጡ፤ ውጤታቸውም ወረደ። ለትጋታቸው የተመሰገኑት ግን መሞከሩን ቀጠሉ። ስለዚህ «አንተማ ጭንቅላት ነህ» ከማለት «ትናንት ያቃተህን ዛሬ ሦስት ጊዜ ሞክረህ ሠራኸው» ማለት ይበልጣል። «የጎረቤት ልጅ እንዲህ ሲሆን አንተ ምን ሆንክ?» የሚለውም ይቅርብን፤ ልጁን ከራሱ ከትናንቱ ጋር እናስተያየው።

ዓይን አፋር የሆነ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም አትቸኩሉ። መጀመሪያ ለእናቱ ያንብብ፤ ቀጥሎ ለሁለት ጓደኞቹ፤ ከዚያ በኋላ ለግቢው ልጆች። ጉባኤ ቃና ያልቆጠረን ተማሪ መወድስ አምጣ የሚለው የለም። ልጁ ራሱ ምን እንደሚወድ መጠየቅም አይረሳ። እኛ ሁለት ሦስት እንምረጥና እናቅርብለት፤ ከነዚያ አንዱን እሱ ይምረጥ። የመረጠውን ግን ቢያንስ እስከ አንድ መንፈቅ ሳያቋርጥ እንዲይዘው እናድርግ።

በመጨረሻም ለስብሰባው የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ የማኅበራችን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለልጆች ንባብና ክርክር ክፍት ይሁን፤ ዘወትር ሁለት አዋቂዎች በአንድነት ይገኙ፤ በሩም አይዘጋ። ሁለተኛ፣ ጡረታ የወጡ መምህራንና ክፍላቸውን የጨረሱ ወጣቶች ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡ። ሦስተኛ፣ ከየቤቱ አንድ መጽሐፍ ወይም የቆየ የትምህርት መማሪያ ይዋጣ። አራተኛ፣ በየሦስት ወሩ ልጆቹ የሠሩትን ለነዋሪው የሚያሳዩበት አንድ ቀን ይኑር፤ በዚያ ቀን ሽልማት ለአንድ ልጅ ብቻ ተሰጥቶ ሌላው አንገቱን ደፍቶ የሚሄድበት እንዳይሆን። ትምህርት ቤት ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ይህ ይደግፈዋል፤ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ልጆቹ ፊደል እንዳይረሱ ይጠብቃቸዋል።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ገንዘብ አነሰን ብለን ልጆቻችንን መንገድ ላይ መተው አይገባንም። ይህን የሚያህል የዕውቀት አገር ውስጥ ተወልደን «እኛ ጋ ምን አለ?» ማለትም አያምርብንም። ስማችሁን የምትሰጡ መምህራንና ወጣቶች፣ መጽሐፍ የምታመጡ ቤተሰቦች፣ ከዛሬው ስብሰባ በኋላ ጸሐፊው ጠረጴዛው አጠገብ ይጠብቃችኋል።